ገልብጪው

ሰኞ ማታ ነው፤ ነገ መኪናው ይመጣል፤
የዊኒፔግ ብርድ ጓንቴን አልፎ ጥፍሬን ይመጥጣል።
የሰማያዊው በርሜል ክዳን ከበረዶ ጋር ተጣብቆ
በክርኔ ብመታው፣ ተከፈተ ተላቆ።

አዲሷ ጎረቤቴ ማሪቤል፣ የአምስት ቁጥር ተከራይ፣
ፌስታል ሙሉ አንጠልጥላ ቆማለች ደረጃው ላይ።
«ሁሉም ፕላስቲክ አይደል? ምን ያስመርጣል?» አለችኝ፤
እኔም እንዲህ ነበርኩ፣ ያ የሚሮጥ ቀበቶ ሳያስተምረኝ።

ሰባት ዓመት ከዳሩ ቆሜ፣
የከተማው ጓዳ በፊቴ ሲያልፍ፣
ዓይኔ ሳያይ ጣቴ ይለያል፤ ጆሮዬም ይለያል።

ገልብጪው ማሪቤል። ፊቱን ተዪው፣ ይሸነግላል፤
ላም ስሎ፣ እንጆሪ ስሎ ያታልላል።
እውነቱ ቂጡ ላይ ነው፣ በሦስት ቀስት ተከብቦ፣
ጥፍር በምታክል ቁጥር፣ እንደ ንቅሳት ተከትቦ።

አንድ ቁጥር የውሃው ነው፤ ጨበጥ ሲያደርጉት ይንጫጫል።
ሁለት ቁጥር የወተቱ፣ ጭጋግ የለበሰው፤
ቢጥሉት ዱብ ይላል፣ ዝም ይላል።
ስድስት፣ ነጩ አረፋ፣ ሲፈረፈር በረዶ መሳይ፤
እውነተኛው በረዶ በሚያዝያ ይቀልጣል፣
ያኛው ግን የልጅ ልጅሽን ያያል።

ይቺ የያዝሻት ፌስታል የዋህ ትመስላለች፤
ማሽኑ ውስጥ ገብታ እንደ እባብ ትጠመጠማለች።
ስንት ሌሊት ቀበቶው ቆሞ፣ ማንጂት በቢላ ስትቆርጣት
እኔ ባትሪ ይዤ አበራሁላት።

ጥቁሩን የምግብ ሳህን ደግሞ
በብርሃን የሚመርጠው ማሽን አያየውም፤
ፊቱ ተጋድሞ እያለ እንደሌለ ይቆጥረዋል።
«ይሄ ማሽን ሰው ሆኗል» አለች ማንጂት አንድ ቀን።

አምስት ቁጥር...
የእርጎው ነው። የመድኃኒቱም ብርቱካናማ ጠርሙስ።

ከአንቺ በፊት እዚህ ሽማግሌ ነበር፣ ሲጉርድሰን የሚባል።
ከአየሩ ሌላ አላወራንም፤
ግን በርሜላችን አንድ ነበር።
በመስከረም አንድ ጠርሙስ፣ በኅዳር አራት፣ በጥር ዘጠኝ፤
ስሙን በጥፍሩ ልጦ፣
በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣
ክዳኑን ለይቶ፣ እንደ ደንቡ።
ትንንሽ ናቸውና በወንፊቱ ሾልከው
ከብርጭቆ ስብርባሪ ጋር እንደሚቀበሩ
አልነገርኩትም።
እንዲያ ታጥቦ ለመጣ ነገር
እንዴት ብሎ ይነገራል?

አንድ ማክሰኞ በርሜሉ ውስጥ የእኔ ብቻ ነበር።
ያኔ ነው በሩን ያንኳኳሁት።

ማሪቤል ዝም አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ
የሳሙናውን ዕቃ በስልኳ ብርሃን ገለበጠች፤
«ሁለት» አለች። «ይሄኛው አንድ።»
ፌስታሉን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።
አንዱን ግን አገላብጣ፣ በአውራ ጣቷ ዳብሳ፦
«ይሄ ቁጥሩ ጠፍቷል።»

ጆሮሽ ስር አስጠጊው።
ጨበጥ አድርጊና ስሚው።