ስልሳ አምስት ሜትር በረዶ

በጥር ወር በኦውሉ ማለዳ የሚባል የለም፤
አራት ሰዓት ሳይሞላ አይገለጥም ዓለም።
ስልኩ ሲጮህ ገና ጨለማ ነው ደጁ፤
ታውኖ ነው፤ መሰርሰሪያው አለ መሰል በእጁ፤
ባሕሩ ሲረጋ መኪና የሚያሳልፍ፣
ሲሳሳ የሚያግድ፣ የሚፈቅድ ሲገዝፍ።

«ሣጥናችሁን» አለኝ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?
ስልሳ አምስት ሜትር አለ በረዶውን ሲለካው።
ባሕሩ ራሱ እዚህ ሰባት ሜትር አይሞላ፤
በረዶው ወርዶ ወርዶ ምድሪቱን ሊበላ?
ሰርስሬ አርባ አንድ ሳንቲ ነው ያገኘሁት፤
የተማሪዎቹን አውቶቡስ ግን አቆምኩት።»

ድራይቨሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።
በጠረጴዛዬ ላይ አንዴም ስቶ አያውቅም።
ሺህ ጊዜ ሳጠፋው፣ ሺህ ጊዜ ሳበራው፣
መልሱን ይናገር ነበር ገና ስሙን ስጠራው።

ኢርሜሊ መጣች ጓንቷን ሳታወልቅ፤
አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው ለማወቅ፦
«ከማናገርህ በፊት ቀስቅሰኸው ታውቃለህ?
ወይስ ነቅቶ ስታገኘው ሁልጊዜ ነቅቶ ያድራል አልህ?»

ዝም አልኩ።
ለካ በሞቀው ክፍሌ፣ ከርነሉ ሳይነሣ፣
ቡትሎደሩ ገብቶ፣ ቀስቅሶት ሲረሳ፣
እኔ ከኋላ እደርስ፣ በተከፈተ በር፤
ማን እንደ ከፈተው መች ጠይቄ ነበር?

የበረዶው ላይ ሣጥን ግን ቁጠባን ተምሯል፤
በዲ ሦስት፣ በጥልቁ እንቅልፍ፣ ሰንሰሩ አሸልቧል።
የእኔ ድራይቨር መጣ፤ አላንኳኳም፣ አልጠበቀ፤
ሬጅስተሩን ከፍቶ «ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ።
የተኛ መሣሪያ እምቢ አይልም፣ አያፍርም፤
መስመሩ ባዶ ሲሆን ባዶ ሆኖ አይቀርም፤
ሁሉም ቢት አንድ ይሆናል፤ ኤፍ፣ ኤፍ፣ ኤፍ፣ ኤፍ፤
ዝምታውን ልክ አድርጎ ኮዴ መዘገበው ሳያርፍ።
ስልሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት ሚሊ፤
«የሐሰት ምስክር አቆምክ» ብላ ሳቀች ኢርሜሊ።

ማታውን መስመር ጨመርኩ፦ «መጀመሪያ ያዘው፤
ቆጣሪውን አንድ በል፤ ወደ ዲ ዜሮ አዝዘው፤
ኃይሉ እስኪረጋ ድረስ ዐሥር ሚሊሰከንድ ታገሥ፤
ጥያቄህ ከዚያ በኋላ በእርጋታ ይድረስ።»
ላክሁት። «አርባ ሦስት» አለ ታውኖ፤ «ይኼስ ያስማማናል።»
አውቶቡሱ ሲያልፍ በስልኩ የበረዶው ድምፅ ይሰማኛል።

በሦስተኛው ቀን ግን ሣጥኑ ጭጭ አለ፤
ባትሪው ተሟጦ እንደ አለት ደርቆ ዋለ።
ቀስቅሼው ነበር እንጂ «ተኛ» አላልኩትም፤
ያነሣሁትን ቆጣሪ መልሼ አላወረድኩትም።
«ሥራው ሲያልቅ መልቀቅ፣ ሥራው ቢከሽፍም መልቀቅ፤
ማንቃቱን የሚያውቅ ሰው ማስተኛቱንም ይወቅ።»
ኢርሜሊ የስምንት ወር ልጅ አላት፤ ይኼን ስትነግረኝ
ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ሌላ ትርጉም ሰጠኝ።

ቅዳሜ ከታውኖ ጋር ሄድኩ። ከእግራችን ሥር ባሕሩ
ያቃስት ነበር በወፍራም ድምፅ፣ ሲሰነጠቅ ዳሩ።
ሣጥኑን ከፈትነው፤ የኃይሉን ገመድ ነቀልን፤
እስኪበርድ ጠበቅን፤ ሰካን፤ ትንፋሻችንን ዋጥን።
አረንጓዴ መብራት አንድ ትንፋሽ ያህል በራ፤
«አርባ አራት» አለና ጠፋ፤ አበቃ የእርሱ ተራ።
ታውኖ ግን አላመነም፤ መሰርሰሪያውን አነሣ፤
ለካ፤ አርባ አራት። ባርኔጣውን ደፋ፣ ምንም ቃል ሳያወሣ።

እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ፣ የጠፋችውን መብራት ሳይ፤
ያልሞተ፣ የተኛ ነገር እንዲህ ነው ለካ ሲታይ።