አርባ አንደኛው

ከባሕሩ ዳር ባለው በታሊን እስር ቤት፣
ሃያ ሰባት ክረምት ቁልፍ በያዝኩበት፣
ዘንድሮ ፊልም ሊሠሩ መጡ።
ገመድ ዘርግተው፣ መብራት ጎትተው፣
«ሌምቢት፣ መንገድ ምራን፣ የምታውቀው አንተ ነህ» ብለው።

መራኋቸው። ምን ላድርግ፣ ጡረታዬ አይዘልቅም፤
እግሬም ደረጃውን በጨለማ አይስትም።

የመንፈስ ታሪክ ነው።
መንፈሱ ኢንድሬክ ነው፤ ፊቱን ዱቄት ቀብተው፣
ዓይኑን በጥላሸት ጉድጓድ አስመስለው፤
በምሳ ሰዓት ግን ደጅ ላይ ተቀምጦ
ስልኩን ይነካካል፣ ሳንድዊቹን ገምጦ።
ሰንሰለቱ ጎማ ነው፤ ሲወድቅ አይጮኽም።
እኔ የማውቀው ብረት እንዲህ ዝም አይልም።

እስረኛ እንዲሆኑ አርባ ሰው ቀጠሩ፤
ግራጫ ለበሱ፣ ተላጩ፣ ተደረደሩ።
ማይሬ መዝገብ ይዛ ቆጠረች በጣቷ፤
ደግማ ቆጠረችና ተኮሳተረ ፊቷ።
«አርባ አንድ ናቸው።»
«አንዱ በነፃ ነዋ!» አዘጋጁ ሳቀ፤
ካሜራው ዞረ እንጂ ማንም አልጠየቀ።

እኔ ግን አየሁት፣
ከሰልፉ መጨረሻ፣ እርጥቡ ግንብ ጋ።
የነሱ ልብስ ያረጀው ሻይ ውስጥ ተነክሮ ነው፤
የሱ ግን ለብሶት ስለኖረ ነው።
ብርዱ ሲበረታ ከአርባ አፍ ጉም ወጣ፤
ከሱ ከንፈር ብቻ እንፋሎት ታጣ።

ኤልማር ኪቪስቲክ፣ ሰዓት ጠጋኙ።
ይህን የእጄን ሰዓት፣ በተሳለ ማንኪያ፣
በአንድ ሲጋራ ዋጋ ያስነሣልኝ እሱ ነው፤
እስከ ዛሬም አልቆመ።
ሌላ መንግሥት ሳለ፣ አንድ የካቲት ሌሊት፣
ወደ ታች ወሰዱት።
ሲነጋ አለቃዬ፣ ጓንቱን እያወለቀ፣
«አርባ ብለህ ጻፍ» አለኝ።
አርባ ብዬ ጻፍሁ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ቁጥሩም አማረልኝ።
ዱቄት የተቀባ ፊት እኔን አያስፈራኝም፤
የሚያስፈራኝ ያ ውብ የእጅ ጽሑፌ ነው።

ማምሻውን ክፍያ ሆነ። ማይሬ ስም ጠራች፤
አርባውን ጨርሳ መዝገቡን አጠፈች።
ያኔ ነው፣ ሳላስበው፣ በቀድሞው የጥበቃ ድምፄ፣
«ኤልማር ኪቪስቲክ!» ያልሁ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ጃጀ ብለው ይሆናል።
ከኮሪደሩ ጥግ፣ ጨለማው ከሚጀምርበት፣
ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው፣
«አቤት» አለ።

መልስ ይሁን አቤቱታ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።
ድምፅ ቀራጩ ልጅ ብቻ
ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ፤
ፊቱ ነጥቷል፣
ያለ ዱቄት።