ዜሮ ሚሊ ሜትር

ጃንጥላ ሻጩ እንኳን ሱቁን ዘግቶ ሄደ፣
በቁምጣ፣ ሊዋኝ፣ ወደ ባሕሩ ወረደ።
ቤርገን ሰባት ሳምንት ጠብታ አላየችም፤
ከተቆረቆረች እንዲህ አልደረቀችም።

ከኮረብታው ግርጌ፣ ከነጩ እንጨት ቤት፣
ሲንድሬ የሚሉት የሶላር ሻጭ ወጣት
ውሉን ዘረጋጋ ከቶርቢዮርግ ፊት።
«አሥራ ስምንት ሰሌዳ ይሸከማል ጣራው፤
በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይመለሳል ዋጋው።»

ዘጠኝ። እሷ ደግሞ ሰማንያ አንድ ናት።
በልቧ ደመረች፤ ሙሉ ቁጥር መጣላት።

ተነሥታ አወረደች የሟች ባሏን ደብተር፤
ሲግቫልድ በየንጋቱ ዝናብ ይሰፍር ነበር፤
አርባ ሁለት ዓመት፣ በእርሳስ፣ በሚሊ ሜትር፦
ሃያ አንድ። አሥራ ሰባት። ሠላሳ። ዶፍ ነበር።
ከስንት ገጽ በኋላ አንዲት መስመር ብቻ፦
«ባዶ። ዛሬ ሚስቴ አንሶላ ውጭ አሰጣች።»

«ይህንን ቆጥረሃል?»
ልጁ አንገቱን አከከ።
«ዘመኑ ሌላ ነው» አለና ላቡን ጠረገ።

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ ነው፣ ሲያድር ብር፣
ሲሰነብት ብረት። ይህች ፀሐይ ግን፣ በል ንገር፣
ሰባት ሳምንት ከርማ እንግዳ ናት አሁንም?
ወይስ ቤተኛ ናት፣ ጣራ አትነፈግም?

ልጁ ሲሄድ ወርዳ የዝናብ መስፈሪያውን አየች፤
ሸረሪት አድርታ አፉን ደፍናዋለች።
አልነካቻትም።
ከሲግቫልድ ሞት ወዲህ ነጭ በቀረው ገጽ ላይ
«ባዶ» ብላ ጻፈች።
አንሶላ አጠበች፤ ውጭ፣ ገመዱ ላይ፣
ውሉንም ከጎኑ በመቆንጠጫ ሰቀለች።

«ይደር» አለች፣ «ከረጠበ፣ ይቅር።»
መስኮቱን ከፍታ ተኛች፤
ጆሮዋ ጣራው ላይ ነበር።