ስምንት ዓመት

ጎንደር ፒያሳ፣ መብራት ሄድ መጣ ሲልበት፣
"ሲስተር ባንቺአምላክ" አለኝ ልጁ ኢንተርኔት ቤት፣
"ትውልድሽ?" "ስልሳ አራት።"
እንዳለች ጻፋት፣ በፈረንጅ ሳይመልሳት፤
ስልሳ አንድ ዓመት ሆንኩ በአንድ ጣት ምት።

"ስምንት ጨምር፣ ልጄ።" ሳቀ፣ አስተካከለ፤
ሃምሳ ሦስት ወረድኩ፤ እሰይ፣ ቀለለ!
ቪዛው ግን በሩን በአርባ አምስት ቆለፈ፤
ስምንት ባራግፍ፣ ስምንት ተረፈ።

ደብሊን ያለችው ፌቨን፣ መርፌ ያስያዝኳት፣
"ነይ እንጂ፣ ቀላል ነው" ትላለች ስደውልላት።

ማታ ተረኛ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል፤
አንድ ጨቅላ ደም ሥሩን ደብቆ፣
ኢንተርኖቹ ቢወጉ ቢወጉ እምቢ ሲል፣
መብራት ሄደ።
"ባትሪ! ባትሪ!" አሉ።
ተዉት አልኳቸው፤
ጣቴ አግኝቶታል።