ያልተቆጠረ ሙቀት

በኪሎ ነው የገዛነው፣
ከዩኒቨርሲቲው ሐራጅ፣ ከዛገ የፋይል ሣጥን ጋር፣
ሚዛን ላይ ወጥቶ
እንደ ሽንኩርት።
ሐምሌ ነበር። የጅማ ሐምሌ፣
ዝናቡ ጠዋት የሚጀምርበት፣
ማን እንዳስቀየመው ሳይናገር የሚያመሽበት።
ወንድሜ ሙዘይን በጆንያ ጠቅልሎ
ጋሪ ላይ ከጎኑ አስቀመጠው፤
እኔ ከአወይቱ ድልድይ ማዶ እስካለችው ሱቃችን
በእግሬ ተከተልኳቸው።

ክዳኑን ስንከፍት አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተገፈፈ።
ከሥሩ፣ ጎን ለጎን፣
ሁለት መክተቻ፣ ሁለት ማራገቢያ፣
ሁለት ፕሮሰሰር፤
በአንድ ማዘርቦርድ ላይ እንደ መንታ የተኙ።
«ረውዳ! ነይ እዪ!»
ሌላ ጊዜ «አንቺ» ነው የሚለኝ።

ካፓሲተሩ አብጧል፣
ውኃ እንደጠጣ ባቄላ አናቱ ተሰንጥቋል።
ከሞተ ራዲዮ ነቅዬ ተካሁለት።
ካውያውን የያዝኩ እኔ፣
ጭሱን የሳብኩ እኔ፣
የቀለጠችው ቆርቆሮ
ሻሼን በስታ ያለፈችው እኔ ላይ።
«እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አለ ሙዘይን፣
የራሱን እጅ እያየ።

አስነሣነው፤ ሁለቱም ዞሩ ማራገቢያዎቹ፣
ጠረጴዛው ተንዘረዘረ ከነብሎኖቹ።
ዊንዶውስ ዘጠና ስምንት ዓይኑን ገለጠና፣
ቤቱን ሁሉ ዞረ፣ ቆጠረው እንደገና፤
አንድ አለ።
ደግመን አስነሣነው። አንድ።
በሁለተኛው ላይ ጣቴን ባሳርፍ ይፋጃል፤
ኮረንቲ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፣
ሥርዓቱ ግን አያውቀውም።
ሥራ አይሰጠውም፣ ስሙን አይጠራም፣
እንግዳ እንኳ ነው ብሎ አይጠረጥርም።

«ምን ጎደለው?» አለ ሙዘይን።
«እሱማ ምንም። የሚያየው ነው የጎደለ።»

ደንበኛ ይገባል፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፤
«ባለሙያው የለም እንዴ?»
ካውያው በእጄ፣ ማዘርቦርዱ በጭኔ።
ውጭ ታፔላው ላይ፣ በቀይ ቀለም፦
ሙዘይን የኮምፒውተርና የራዲዮ ጥገና።
«አሁን ይመጣል፣ ተቀመጡ» እላለሁ፣
በርጩማዋን እየገፋሁ፣
ከአንድ ግንድ የተፈለፈለችውን፣
ሦስቱም እግሯ የተቆጠረላትን።

ነሐሴ ላይ ከኪቶ ፉርዲሳ አንድ ተማሪ፣
አደሎ የሚባል የቦንጋ ልጅ፣
ፊቱ የተጫረ ሲዲ ይዞ መጣ።
«ይሄኛው ሁለቱንም ይቆጥራል።»
ሌሊቱን ጫንነው፤ መብራት ሁለቴ ጠፍቶ
ሁለቴ ከዜሮ ጀምረን።
አዛን ሲሰማ ስክሪኑ ላይ
ሁለት ሣጥን ተከፈተ፣
በየሣጥኑ አረንጓዴ መስመር፤
አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ፣
አንዱ ሲጠብቅ አንዱ ሲነጉድ።
አንድ ራም ለሁለቱ፣ አንድ መንገድ ለሁለቱ፤
አንዱ ሲጽፍ ሌላው በር ላይ ይቆማል፣
ተራው ሲደርስ ይገባል።

ፈጠነ እንዳትሉኝ።
አንዲት ማመልከቻ ለመጻፍ እንደ ድሮው ነው፤
አንድ መርፌ በአራት እጅ ቶሎ አይሰካም።
ብቻ ሲዲ እየገለበጥን ዘፈን ስንከፍት
ዘፋኙ መንተባተቡን ተወ።
ይኸው ነው ትርፉ።

ሙዘይን መስመሮቹን ብዙ አያቸው።
«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ በከንቱ የሞቀው?»
«ከጅምሩ» አልኩት።
ስለ ፕሮሰሰሩ መሰለው።
ወይም አልመሰለውም፤
ፊቱን ወደ ማራገቢያው አዙሮ ነበር።

ጠዋት ከዝናቡ ጋር አንዲት ሴትዮ ገባች፣
በፌስታል የተጠቀለለ ኪቦርድ ይዛ።
«ባለሙያው የለም?»
ሙዘይን ነበር፣ እዚያው፣
ጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ።
አልመለሰም።
ብሎን ጠፋኝ ብሎ ወለሉን ይዳብሳል፤
ሴትዮዋ እሱን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣
ከጃንጥላዋ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።
እኔም መናገር አልቻልኩም፤
ብሎኑ በከንፈሮቼ መሃል ነበር።