ቅጥር

አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ ከሚከራይበት ጥላ፣
ዲግሪዬን በፌስታል ይዤ፣ ከቆሙት ሁሉ ኋላ፣
በደቂቃ የሚከፈልበት ገጽ ሳገላብጥ፣
"የሥራ ልምድ፦ ሦስት ዓመት" ከሚል ጋር ስፋጠጥ፣
አንድ ብር ጨምሬ፣ ያንኑ ገጽ ደግሜ ሳይ፣
ሦስቱ ዜሮ የሚሆን ይመስል፣ ቆይቶ እጄ ላይ።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት፣ አማርኛ ምን ያህል ተንኮለኛ ነው።
ደመወዝ የሚያስቆርጠውም፣
ግቢውን ዙሪያውን ያጠረውም፣
ሁለቱም ቅጥር ነው።
አንዱን ለማግኘት ሌላውን መዝለል ነበረብኝ።

ዘለልኩ። ዛሬ በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ሜክሲኮ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ አምስተኛው ላይ ይደክማል፣
የእኔ በር ላይ የተለጠፈው "የሰው ሀብት" ይላል።
ሀብት የተባለው ሰው ግን
ደረጃው ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል፣
በፎቶ ኮፒው ፊቱን ያራግባል።

የጀመርኩ ሰሞን ፈጣን ነበርኩ፤ ለዚህም ተመስግኛለሁ።
በቀን ሁለት መቶ ማመልከቻ፣ ለአንዱ ሠላሳ ሰከንድ።
ነጥቡ ያነሰ? ወደዚያ።
ወረቀቱ የተጨማደደ? ወደዚያ።
ቃለ መጠይቅ ላይ የተንተባተበ?
"እናመሰግናለን፤ እንደውላለን።"

እንደውላለን!
በዚህ ከተማ ከዚህ ቃል የረከሰ ምን ተገኝቷል?
"ነገ ውሃ ይመጣል" እንኳ፣ አንዳንዴ መጥቷል።

ዳርጌ ግን አመነው።
ዳርጌ ንዳ፣ ለመጋዘን ጸሐፊነት ያመለከተው፣
ቃሌን እንደ ደረሰኝ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከአራት ወር በኋላ፣ ለገሃር፣ ሰልፍ ይዤ ታክሲ ስጠብቅ፣
ከጀርባዬ አንድ ድምፅ፣ ቁጣ የሌለበት፣ ብቻ የሚጠይቅ፦
"እህቴ፣ ይቅርታ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር ሁለት ቀን፤
በዚያ መሃል ደውላችሁ ይሆን?"

ታክሲው መጣ። ሞላ። ሄደ።
ሌላው መጣ።
አራት ወር ሙሉ ጥፋቱን ራሱ ላይ ሲፈልግ የኖረ ሰው
ፊቴ ቆሟል፤ ይቅርታ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

"አልደወልንም" አልኩት። "ሌላ ሰው ወሰድን።
ጥፋቱ የስልክህ አይደለም።"
ትከሻው ወረደ። ያዘነ መሰለኝ።
ሸክም ማውረዱ እንደነበር የገባኝ
ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

በማግሥቱ ያልተቀጠሩትን ዝርዝር አወጣሁ፤
ሃምሳ ሦስት ስም። ከላይ ጀምሬ ደወልኩ።
አንዷ አለቀሰች።
አንዱ ሰደበኝ፤ ልክ ነበር።
አንዱ "ከየት ነው ያልሽኝ?" ብሎ ሳቀ፤ ረስቶኝ ነበር፣ ደስ አለኝ።
የአንዷን ስልክ እናቷ አነሡ፣
"አረብ አገር ገብታለች" አሉ፤ ከዚያ ስለ እኔ ጤና ጠየቁ።

አለቃዬ አቶ ልሳነወርቅ፣ የስልኩን ሒሳብ ይዘው፣
"ይህ ሁሉ ብር" አሉኝ፣ "ለማንቀጥረው ሰው?"
የመጨረሻውን ቃል ደገምኩላቸው፦ ሰው።
ሌላ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ጻድቅ አይደለሁም።
ዓርብ ማታ ሲሆን እኔም ወረቀት እዘላለሁ፣
ከስም ይልቅ ነጥብ አያለሁ።
ወንበሩ አንድ፣ ሰዉ ሁለት መቶ፤ ሁለት አላደርገው ቆርጬ፣
"አይሆንም" ማለትን ግን ተማርኩ፣ ከሰውየው ፊት ተቀምጬ፣
ስሙን አስተካክዬ ጠርቼ፣
ደረጃውን ለወጣበት መጀመሪያ ውሃ ሰጥቼ።

ዳርጌ አሁን መርካቶ ነው፤ ከዘመዱ ጋር የሳጥንና የካርቶን ሱቅ ይዟል።
በዓል ሲደርስ፣ ሥራ ሲበዛበት፣ ይደውላል፦
"እህቴ፣ አንድ ልጅ ፈልጌ ነበር፣
ካላለፉት ውስጥ ማን ይኖር?"

በሩን ገርበብ አድርጌ፣
ዝርዝሩን እከፍታለሁ።