ጤነኛ፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

አባቴ ኪርያት ጋት ሠላሳ ዓመት በይዷል፣
ከብረትና ከእሳት እጁ ተማምሏል።
«እጄ አይንቀጠቀጥም» አለኝ በኩራት፣
ቤርሼባ፣ ምድር ቤት፣ በሐምሌ ከሰዓት።
ስሙ አለቤ፤ በመዝገብ፦ ጤነኛ፣ ዐሥራ ሰባት።

ከመሃል ጣቱ ላይ ምስር የምታህል
መለኪያ ለጠፍኩ። «ትንፋሽህ ቀስ ይበል፤
ክንድህን ዘርጋና አየሩን ተደገፍ።»
መስመሩ በስክሪኑ ጀመረ መንሳፈፍ፣
ዐሥር ጊዜ በሰከንድ ሽቅብ ቁልቁል ማለፍ።

ዝም ብሎ አየና፦ «ታምሜ ይሆን እንዴ?»
«የለም፣ ጤነኛ ነህ፤ ይህ ነው የጡንቻ ዘዴ፦
ወሬ ከክንድ ወጥታ፣ አከርካሪ ደርሳ፣
እጅ ፈቀቅ ትላለች እስክትመጣ መልሳ።»

ለእኔ እጁ ቀመር ነው፦ አንድ ግዝፈት፣ አንድ ሞላ፣
የሚያረግብ ቅባት፣ መዘግየት ከኋላ።
ግማሽ ኪሎ አሸዋ በእጁ ላይ ሳስር
ሞላው ዘገመ፤ ዐሥሩ ግን ያው ዐሥር።
ማን ነው የሚመታው፣ ሸክም የማይገታው?
ባዶ ነው ገጼ ላይ፣ ገና፣ ያ ቦታው።

ፕላስተሩ ቢላላ፣ ላጠብቅ ያዝኩት፤
አራት ሰከንድ ብቻ። መስመሩን አየሁት፦
የእሱና የእኔ ምት አንድ ፈትል ሆኖ፣
የማን የማን እንደሁ ልዩነቱ ተንኖ።

ደንቡ «ይሰረዝ» ይላል «ንክኪ ያለበት»።
ሰረዝኩ። ግን ሌላ ፋይል፣ ስም ሳልጽፍበት፣
ከፈትኩና አራቷን ሰከንድ አኖርኩበት።

«አለፍኩ ወይ?» አለኝ እጅጌውን ሊቆልፍ፤
ቁልፏ ሁለት ጊዜ ቀዳዳዋን ስታልፍ
ሦስተኛው ላይ ገባች።
«አዎ» አልኩ፣ ዞር ብዬ።